ከሚሴ ላይ ብቻችንን የበላነው ፍየል

እኔና ባለቤቴ ከሚሴ ላይ አንድ ሙሉ ፍየል ብቻችንን የበላን ሰዎች ነን። ሆዳሞች ስለሆንን አይደለም። እንግዶች ጠርተን፣ የጠራናቸው ሁሉ መጥተው፣ እጃቸውን ታጥበው ገበታ ከቀረቡ በኋላ የሆነ ነገር ነው። ይህን ባወራሁ ቁጥር ልጆቼ ይስቃሉ። እኔ ግን ያን ቀን አልሳቅሁም፤ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር።

ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ አይገባችሁም።

የተወለድኩት ወለጋ ነው፤ ያደግሁት ደግሞ ሚሲዮን ግቢ ውስጥ። አባቴ የግቢው አናጢ ነበር። በዚያ ግቢ ሁሉም ሰው ከአንድ ድስት ነው የሚበላው። ማን አረደው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ባለቤቴ ገለታም የዚያው ግቢ ልጅ ነው። ድሬሰርነት ተማረ፤ ድሬሰር ማለት መርፌ የሚወጋ፣ ቁስል የሚያጥብ፣ ሐኪም በሌለበት አገር ሐኪም ተብሎ የሚጠራ ሰው ነው። ሃምሳዎቹ ሲጀምሩ ተጋባን፤ የሠርጋችን ሳቅ ሳይበርድ ሚሲዮኑ «ከሚሴ ሂዱ» አለን። ከሚሴ የት እንደሆነ አላውቅም ነበር። ገለታ በአዲስ አበባና በደሴ መካከል መንገድ ዳር ያለ ከተማ ነው አለኝ። መንገድ ዳር ከሆነማ መመለሻው አይቸግርም ብዬ እሺ አልኩ።

ኦሮምኛ ይናገራሉ ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እውነትም ይናገራሉ። ነገር ግን በአማርኛ ይጀምሩና በኦሮምኛ ይጨርሱታል፤ መሃሉ ላይ ወላሂ ይጨምሩበታል። ጥቂት ወራት ከቆየሁ በኋላ እኔም እንደዚያው ማውራት ጀመርኩ። ያስቸገረኝ ቋንቋው አልነበረም።

ያስቸገረኝ ይህ ነው። ክሊኒኩ ከማለዳ እስከ ማታ በሰው ይሞላል። የቦርከና ወንዝ ትንኝ ሥራ ፈትታ አታውቅም፤ ወባ የያዘው ሁሉ እኛ ዘንድ ይመጣል። ገለታ የሰጣቸውን ክኒን ይውጣሉ፤ መርፌውንም ይወጋሉ። ሲድኑ «አላህ ይስጥልን» ብለው ማር፣ ወተት፣ የማሽላ እሸት ያመጡልናል። ሠርግ ሲኖር ይጠሩናል፤ ሄደን እንበላለን። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ ይህን የምለው ለወግ አይደለም። ነገር ግን እኛ ቤት አንድም ሰው አይበላም። «ግቡ፣ ቁርስ ደርሷል» ስላቸው አሁን ነው የበላሁት ይሉኛል። በጠዋትም አሁን ነው የበላሁት፣ በቀትርም አሁን ነው የበላሁት። የከሚሴ ሰው ሁልጊዜ አሁን የበላ ነው።

ይህን ችዬ ኖርኩ። ስፀንስ ግን አልቻልኩም።

ሴት ስትወልድ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ገንፎ ይገነፋል፤ የሰፈር ሴቶች ይሰበሰባሉ፤ ቅቤና በርበሬውን መሃሉ ላይ አድርገው ይበላሉ፤ እልል ይላሉ። ገንፎው የሚበላው ልጁ ሰው ዘንድ መጣ ለማለት ነው። ገንፎዋን የሚበላላት ያጣች ሴት አይቼ አላውቅም፤ የመጀመሪያዋ እኔ ልሆን ነው።

«ገንፎዬን ማን ይበላልኛል?» አልኩት ገለታን።

«እኔ» አለኝ።

«አንተ ወንድ ነህ።»

«ገንፎ እወዳለሁ እኮ።»

እንዲህ ያለ ሰው ነው። ስናደድ አይታየውም፤ ሲታየው ደግሞ መድኃኒት ያመጣል። ስለዚህ በግልጽ ነገርኩት። ልወልድ እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ አልኩ። ሄጄ እንደማልመለስ ሁለታችንም ገብቶናል። እሱ ክሊኒኩን ትቶ አይመጣም፤ እኔም ሰው የማይበላበት ቤት ልጅ ይዤ አልመለስም። «እስከ ቅዳሜ ታገሺኝ» አለኝ። ቅዳሜ አንድ ሰው፣ አንድ ጉርሻ እንኳ ቤታችን ከበላ እቀራለሁ። ካልበላ እሑድ በአውቶቡሱ እሄዳለሁ። ተስማማን።

ቅዳሜ ምን ነበረ መሰላችሁ። ከደሴ በላንድሮቨር እየመጣች የምትቆጣጠረን ሲስተር የምንላት ፈረንጅ ነበረች። የከተማውን ወጣቶች መቅረብ አለባችሁ ብላ አዝዛን ነበር። አማርኛዋ አጭር ነው። «ወጣቶች ጥሩ። እራት። ከዚያ ጨዋታ። ይለመዳሉ» አለችን። በአገሯ እንዲህ ነው የሚደረገው። ጨዋታውንም አሳየችን፤ ወንበር በክብ ይደረደራል፣ ወንበሩ ከሰው በአንድ ያንሳል፣ ሙዚቃ ሲቆም ሁሉም ይሻማል፣ ቆሞ የቀረው ይወጣል። ገለታ በቁም ነገር ተማረው። ሲስተር ሄዳም ብቻውን ሲለማመድ አየሁት።

ሰዎቹን የጠራቸው በክሊኒኩ ነው። መርፌ ከወጋቸው በኋላ፣ ገና ሱሪያቸውን ሳይታጠቁ «ቅዳሜ እራት እኛ ቤት» ይላቸዋል። እንዲያ ሆኖ እምቢ የሚል ሰው የለም። ሰይድ የሚባለው ልብስ ሰፊ ኢንሻአላህ አለ፤ እህቱን ዘይነባንና የአጎቱን ልጆችም አመጣለሁ አለ። ስልክ ቤት የሚሠራው ታደሰ፣ ከመንዝ ተሹሞ የመጣ ወንደላጤ፣ እሱም እሺ አለ፤ ሁለት ክርስቲያን ጓደኞቹን ጨመረ። ስምንት ሆኑ።

ገለታ ሰንበቴ የምትባለው ከተማ ገበያ ወርዶ ፍየል ገዝቶ መጣ። ፍየሉ በጭነት መኪና ላይ ከእሱ ጎን ቆሞ ነበር የገባው። ሙክት፣ ያማረ ፍየል ነው።

«ማን ያርደዋል?» አልኩት።

አስቦበት ነበር። ገለታ አስቦ የመጣበትን ነገር ያን ጊዜ ገና መፍራት አልጀመርኩም።

«ሰይድ ቢያርደው ታደሰ አይበላም» አለ። «ታደሰ ቢያርደው ሰይድ አይበላም። ስለዚህ እኔ አርደዋለሁ። እኔ የሚሲዮን ሰው ነኝ፣ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም፤ ማንም ቅር አይለውም።»

እኔም አሰብኩበት፤ ልክ መሰለኝ። እንዲያውም ባለቤቴን አደነቅሁት። ፍየሉን ወደ ጓሮ ወስዶ አረደው። እኔ ደግሞ ወጉ እንዳይጎድል ብዬ በትልቁ ድስት ወጥ፣ በመካከለኛው ቅቅል፣ በትንሹ ጥብስ ሠራሁ። ቤቴ ውስጥ ያለው ድስት ይኸው ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ መጡ። ለብሰው ነበር፤ ሰይድ ራሱ የሰፋው ኮት አድርጓል፣ ዘይነባ አዲስ ሻሽ አስራለች። ሰላምታው ብቻ ረጅም ጊዜ ወሰደ። «አካም ጅርቱ? ነጋ? ጤና ናችሁ? ልጅቱ ጤና ናት? ሆዷስ?» ሆዴ ያን ጊዜ ገፍቷል። ሲስተር እራት ከዚያ ጨዋታ ስላለች ገለታ ቅደም ተከተሉን ሊያዛንፍ አልፈለገም፤ ወዲያው ገበታ ቀረበ። እጅ ማስታጠብ ጀመርኩ። ሁሉም ታጠቡ። የታጠበ ሰው አሁን ነው የበላሁት ማለት አይችልም ብዬ ተጽናናሁ።

ወጡን አወጣሁ። ስምንት ንጹሕ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ማሻአላህ፣ ሐኪም፣ ደግሰውልናል» አለ ሰይድ።

«ብሉ እንጂ» አለ ገለታ።

ሰይድ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጥፋት አይሁንብኝና፣ ፍየሉን ማን ባረከው?»

«እኔ» አለ ገለታ ደስ ብሎት። ጥያቄውን ሲጠብቅ ነበር የቆየው።

«እርስዎ ራስዎ?»

«ራሴ።»

«ወዴት አዙረው?»

ገለታ ትንሽ አሰበ። «ወደ በረንዳው። ጥላ ስለነበረ።»

ሰይድ ራሱን ነቀነቀ። በዚህ ጊዜ ታደሰ ቀስ ብሎ «በስመ አብ ብለዋል፣ ሐኪም?» አለ።

«አጭር ጸሎት አድርጌያለሁ። በልቤ።»

ታደሰ ሰይድን አየው፤ ሰይድም ታደሰን አየው። እስላምና ክርስቲያን በአንድ ነገር እንዲህ ፈጥኖ ሲስማማ አይቼ አላውቅም። ባሌ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም ሲል ለሁለቱም የሚሆን መስሎት ነበር። ለካ ለሁለቱም የማይሆን ሥጋ ነው ያዘጋጀው። እኔም በሦስት ድስት ሠራሁት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማየት አንጀት ይጠይቃል። ሰዎቹ ሊያስቀይሙን አልፈለጉም፤ ሊበሉም አልቻሉም። ሰይድ «የሱና ጾም ላይ ነኝ» አለ። ዘይነባ «ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው፤ የሱና ጾም ሰኞና ሐሙስ አይደለም እንዴ?» ብላ አጋለጠችው፤ ከዚያ ያለችው ሲገባት ሻሿን ማስተካከል ጀመረች። ታደሰ «ሆዴን ትንሽ ቆርጦኛል» አለ። ይህን ለገለታ መናገር አልነበረበትም። ገለታ ብድግ ብሎ ክሊኒክ ሄደና ጠርሙስ ይዞ ተመለሰ። ታደሰን አስተኝቶ ሆዱን ጫን ጫን አደረገው፤ «እዚህ ጋ ነው?» አለው። «እሱ ጋ ነው» አለ ታደሰ በቀጭን ድምፅ። ሁለት ማንኪያ የሚመር ነገር አጠጣው። በቤቴ ከሰው አፍ የገባ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው፤ እሱን ግን ለስምምነታችን ልቆጥረው አልቻልኩም።

ወጡ ቀዘቀዘ። ሞራው ረጋ። እኔ ተነሥቼ ማድ ቤት ገባሁና አለቀስኩ። ለፍየሉ አይደለም ያለቀስኩት። እሑድ መሄዴ ተቆረጠ፤ ገለታን ትቼው ልሄድ ነው። ሞኝ ቢሆንም ባሌ ነው፤ እወደው ነበር። ሆዴ ውስጥ ያለው ልጅ አባቱን በደብዳቤ ሊያውቀው ነው ብዬ አለቀስኩ።

ሳሎን ውስጥ ገለታ እንግዶቹን ለማዳን የቻለውን አደረገ። ገበታውን ገፋ አድርጎ ወንበር ደረደረ፤ የጨዋታውን ሕግ አስረዳ፤ ሙዚቃ ስላልነበረን የልብስ ማጠቢያ ሳፋውን ገልብጦ መምታት ጀመረ። በማድ ቤቱ በር በኩል ይታየኛል። ስምንት ሰው በሰባት ወንበር ዙሪያ በሥርዓት ይዞራል። ሳፋው ቆመ።

ማንም አልተቀመጠም።

«ታደሰ ተቀመጥ» አለ ሰይድ ወንበሩን ይዞለት።

«ኧረ በእግዜር፤ ታላቄ ቆሞ እኔ ልቀመጥ?»

«ወላሂ አልቀመጥም። ሆድህን አሞሃል፣ አንተ ተቀመጥ።»

«ዘይነባ ትቀመጥ እንጂ።»

«ታኢ፣ ዘይነባ» አለ ሰይድ በኦሮምኛ።

«እንግዶቹ ሳይቀመጡ?» አለች ዘይነባ።

ከታደሰ ጓደኞች አንዱ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር። እሱ ሕጉ ስለገባው ተቀመጠ። ቀና ሲል ሁሉም ቆሟል። አፍሮ ተነሣ። ሰባቱም ወንበር ባዶ ሆነ፤ ሰዎቹ ደግሞ እርስ በርስ ይለማመጣሉ። ገለታ ግራ ገባው። ሕጉ በየዙሩ አንድ ወንበር ይነሣ ስለሚል አንድ አነሣ። ደግሞ ሳፋውን መታ፣ ደግሞ ዞሩ፣ ደግሞ ተለማመጡ። እንዲህ እያለ ወንበሩ በሙሉ አለቀ። ከጨዋታው የወጣ ሰው ግን አንድም የለም። ስምንቱም ባዶ ወለል ላይ ቆመው ገለታን ያዩታል።

«ማን አሸነፈ?» አለ ሰይድ።

ገለታ ሳፋውን እንደያዘ «አላውቅም» አለ። ያን ጊዜ አንዱ ሳቀ፤ ሁሉም ተከተሉት። ታደሰ መድኃኒቱ እስኪያስገሳው ድረስ ሳቀ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም።

ዘይነባ እየሳቀች ሻሿን ልታስተካክል ማድ ቤት ገባች፤ እኔን አየችና ሳቋን ዋጠች።

«ያ አላህ፣ ምን ሆንሽ? አመመሽ?»

«አላመመኝም።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«አትበሉልኝም» አልኳት። ሌላ የምለው አልመጣልኝም።

በርጩማ ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «የጠላንሽ መሰለሽ?»

«ታዲያ ምን ይምሰለኝ? ስትጠሩኝ መጥቼ እበላለሁ። እኔ ቤት ግን ውሃ እንኳ የጠጣ ሰው የለም።»

«እኔ ጠጥቻለሁ» አለች።

«ክሊኒኩ ውስጥ፣ ክኒን ልትውጪበት ነው የጠጣሽው።»

ሆዴን አየችው። «እዚሁ አይደለም እንዴ የምትታረሺው?»

«ነገ በአውቶቡስ እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ። እዚህ ብወልድ ገንፎዬን ማን ይበላልኛል? ገለታ?»

ዘይነባ በቁም ነገር አሰበችበት። «ሐኪሙ ይበላል፤ ግን ብቻውን ያንስበታል» አለች። ከዚያ እጄን ያዘች። «ስሚኝ። የያዘን ሥጋው ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም። አክስቴ ክርስቲያን ነው ያገባችው። ቤቷ ስንሄድ እንበላለን፤ ምክንያቱም የእኛ ድስት እሷ ቤት አለ። እነሱም እኛ ቤት ድስት አላቸው። አንቺ ያለ ድስት ጠራሽን።»

«ማን ነገረኝ?»

«ሁሉም ሰው ያውቀዋል ብለን ነዋ። ሽሮ አለሽ?»

«አለ።»

«ያልተነካ እንጀራስ?»

«ሞልቷል።»

«በይ እንግዲህ። ድስት የትኛው ነው ንጹሑ?»

ሦስቱንም አሳየኋት። ሦስቱንም አየቻቸው። «ሦስቱንም አነካካሻቸው?»

«ወግ እንዳይጎድል ብዬ ነው።»

«ሽንኩርቱንስ በምን ልትከትፊ ነው?»

ቢላዬን አነሣሁ። «እሱን አስቀምጪው» አለችኝ።

ወደ ሳሎን ብቅ ብላ በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ የጨረሰችው ትእዛዝ ሰጠች። አንዷ የአጎቷ ልጅ እየሮጠች ቤት ሄደች። ታደሰም ነገሩ ገባው፤ ሆዱን መያዙን ተወና እሱም ወደ ቤቱ ሄደ። ልጅቷ የሸክላ ድስት፣ ቢላና ማማሰያ ይዛ መጣች። ታደሰ የብረት ድስት፣ ቢላና ማማሰያ ይዞ መጣ። ሁለቱ ድስቶች ጎን ለጎን ተጣዱ። አንዱ የነዘይነባ፣ አንዱ የነታደሰ። ሽሮው ግን የኔ ነው፤ ሽንኩርቱም፣ ዘይቱም፣ ጨውም። እጄን ዘይነባ በሳሙና ደጋግማ አሳጠበችኝ፤ ገለታ በሽተኛ ሊነካ ሲል እንኳ እንደዚያ አይታጠብም። ሁለቱንም አማሰልኩ። ጨው እንዳይበዛ ሁለቱንም ቀመስኩ። አንድ ዓይነት ነበር።

ሽሮው እየተንተከተከ ሳለ የምሽቱ የመግሪብ ሰላት ደረሰ። ሰይድ ገለታን መታጠቢያ ውሃ ጠየቀው። ገለታ ውሃም ሰጠ፣ የክሊኒኩንም የታጠበ ነጭ አንሶላ አውጥቶ ግቢው ውስጥ አነጠፈላቸው። «ወዴት ነው የምትዞሩት?» አለው። ሰይድ አሳየው። ገለታ አቅጣጫውን አየ፣ በረንዳውን አየ፤ ከዚያ ማድ ቤት መጥቶ በጆሮዬ «ፍየሉ የዞረው በተቃራኒው ነበር» አለኝ። ታደሰና ጓደኞቹ እነሰይድ ሰግደው እስኪጨርሱ በረንዳው ላይ ሆነው በሹክሹክታ ያወሩ ነበር።

ገበታው ዳግመኛ ቀረበ። በአንዱ ጫፍ እነሰይድ በሸክላው፣ በሌላው ጫፍ እነታደሰ በብረቱ። መሃል ላይ እኔና ገለታ ፍየላችንን ይዘን ተቀመጥን። በዚህኛው በኩል ቢስሚላህ ተባለ፣ በዚያኛው በስመ አብ፣ መሃል ላይ ገለታ አጭር ጸሎት አደረገ። በዚህ ጊዜ ድምፁን አሰምቶ ነው፤ ልቡ ውስጥ ያለውን ማንም እንደማያይለት ተረድቶ ነበር።

ሁሉም ሽሮውን ቆረሱ። አፋቸው ሲያላምጥ አየሁ። ሌላ ሰው ሲያላምጥ ማየት ምን ያስደስታል ትሉ ይሆናል፤ እኔ ግን እንባዬ መጣ። ዘይነባ አየችኝና ከድስቷ ጠቅልላ አጎረሰችኝ። ልመልስላት ፈለግሁ፤ እጄ ግን ፍየል ነክቷል። ተነሥቼ ታጥቤ ተመለስኩና ከእሷ ገበታ ጠቅልዬ ወደ አፏ አቀረብኩ። ትንሽ እንኳ አላመነታችም። ከሚሴ ከገባሁ ጀምሮ በእጄ የጎረሰ የመጀመሪያው ሰው ዘይነባ ናት። ገለታ አጥንት እየጋጠ ቀና ብሎ አየኝ።

እራቱ ሲያልቅ ድስቶቹን አጥቤ ለየባለቤታቸው ላስረክብ ይዤ ወጣሁ።

«የት ልትወስጂው ነው?» አለች ዘይነባ።

«ድስትሽን ነዋ።»

«ይቀመጥ እንጂ። ሌላ ቀን ስንመጣ በምን ልንበላ ነው?»

ታደሰም «የእኔም ይቀመጥ» አለ፤ ለይሉኝታ ይመስለኛል። ያለው ድስት ያ ብቻ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ከማግስቱ ጀምሮ እራቱን እኛ ዘንድ ይበላ ጀመር፤ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ሚስት እስኪያገባ ድረስ እንዲያ ኖረ። ሚስቱን ያገኘውም በእኛው ቤት ገበታ ነው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ገለታ ወንበሮቹን እየመለሰ «የበሉት ከእኛ ድስት አይደለም» አለኝ። ሐቀኛ ሰው ነው፤ የሚጎዳውንም ቢሆን ይናገራል። «ስምምነታችን ተፈጸመ ይባላል ወይስ አልተፈጸመም?»

«ነገ እነግርሃለሁ» አልኩት።

እሑድ ጠዋት አውቶቡሱ መጣ። ረዳቱ ቦታ እንዲይዝልኝ አስቀድሜ ነግሬው ስለነበር ቤታችን ድረስ ጡሩምባ ነፋ። ወጣሁ። ሻንጣ አልያዝኩም።

«እቃሽስ?» አለኝ ረዳቱ።

«አልሄድም።»

«ትናንት እሄዳለሁ ብለሽ አልነበረም?»

«እንግዳ አለብኝ።»

«መቼ ነው የሚመጡት?»

«አላውቅም። ድስታቸው ግን እኔ ዘንድ ነው።»

ረዳቱ የወሎ ሰው ነበር። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። «ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም፣ ቦታውን ለሌላ ሰው እሰጠው ነበር» ብሎ ተቆጣና በሩን ዘጋ። አውቶቡሱ ሄደ። ገለታ ከክሊኒኩ በር ላይ ቆሞ ነበር። እጁ ላይ መርፌ ይዟል፤ ከኋላው በሽተኛው ሱሪውን ይዞ ይጠብቃል። ወደ ውስጥ ተመለሰ። በሽተኛው በኋላ እንደነገረኝ ሐኪሙ ሲወጋው እየሳቀ ነበር።

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነብቡ፣ ይህ ደግሞ ምን ሕይወት ይለውጣል ትሉ ይሆናል። የእኔን ለወጠ። ከሚሴን ትቼ ብሄድ ኖሮ ልጆቼ የአባታቸውን ፊት አያውቁትም ነበር። ሄጄ ቢሆን ደግሞ «እነዚያ ሰዎች ናቁኝ» እያልኩ ነበር የማረጀው። ማንም አልናቀኝም። እኔም ባሌም ከማንም ወገን ካልሆንን የሁሉም የሆንን መስሎን ነበር፤ ሰዎቹ ደግሞ የትኛው ዕቃ ለእነሱ እንደሆነ ማወቅ ነበር የፈለጉት። ከዚያ ወዲህ አዲስ አገር ስገባ የራሴን ሙያ ለማሳየት አልቸኩልም። «እናንተ በምን ነው የምትበሉት?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱን ሰምቼ ለዕቃቸው ቦታ አበጃለሁ። ይህንን ለማወቅ ፍየል ማረድ አያስፈልግም ነበር፤ እኛ ግን በሱ በኩል መጣንበት።

ሲስተር በላንድሮቨሯ መጥታ እራቱ እንዴት እንደነበር ጠየቀችን።

«ሁሉም በሉ» አላት ገለታ።

«ጨዋታውስ? ማን ወጣ?»

«ማንም አልወጣም።»

ሲስተር ደስ አላት። በአገሯ እንዲህ ሆኖ አያውቅም መሰለኝ። መደርደሪያዬን አየችና ለሁለት ሰው ይህ ሁሉ ድስት ምን ያደርጋል አለች። ገለታ ሊያስረዳት ጀመረ፤ ማስረዳቱ ረዘመባት፤ ሻይዋን ጠጥታ ሄደች።

የበኩር ልጄን የወለድኩት እዚያው ከሚሴ ነው። ዘይነባ በሸክላው ገነፋች፣ የታደሰ የቤት አከራይ በብረቱ ገነፋች፤ ሴቶቹ ከሁለቱም ሰፈር መጥተው ቤቱ ሞላ። ገለታ በር ላይ ቆሞ ገንፎ እንደሚወድ ለማስታወስ ሞከረ፤ ማንም አላስገባውም። እልልታው ሲያልቅ፣ ሴቶቹ እጃቸውን ሲታጠቡ፣ ከአልጋዬ ቀና ብዬ ሁለቱንም ድስቶች አየሁ። ለእኔ አልተረፈም።